ጭራውን ያዢልኝ

«የእህቴን ስም አታስገባ፤ እሷ እኮ አፏን ብቻ ነው ያንቀሳቀሰችው።»

ይህ ቃል ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሁለቱን ክፍሎች በሚለየው የሳንቃ ግድግዳ በኩል ሳይጋበዝ ገባ። ተናጋሪዋ ታላቅ እህት ናት፤ የምታናግረውም የዘፈን ሸክላ ሽፋን የሚያትመውን ሰውዬ ነው፤ በስልክ። ስልክን ፈጽሞ ስለማታምን፣ በእሷና በአታሚው መካከል ያለውን መንገድ በገዛ ጉሮሮዋ ማቋረጥ ያለባት ይመስል ትጮኻለች። ከግድግዳው ወዲህ ታናሽየዋ በስፌት መኪናዋ ላይ የነርስ ጋዋን ጫፍ እያጠፈች ነበር፤ በከንፈሮቿ መካከል አራት ስፒል ይዛለች። ቃሉ እንደ ገባ የመኪናው ፔዳል ቆመ፤ ሁለት መርፌ ያህል ቆሞ እንደገና ቀጠለ። መልሷ ይኸው ነበር። በሩ አጠገብ ጫማዋን ታስር የነበረችው ልጇ ግን ማሰሪያውን አጥብቃ ሳበችውና በእጇ ላይ ተበጠሰ።

ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ወቅት አንድ ክፍል ነበሩ። ከአርባ አንድ ዓመት በፊት ታላቅየዋ ሸክላ ባስቀረጸች ጊዜ እንግዳ መቀበያ ያስፈልጋታል ተባለና ሳንቃ ተመታ፤ የቤቱ ብቸኛ መስኮትም ከእንግዳ መቀበያው ጋር ሄደ። ለታናሽየዋ መኪናዋ፣ አልጋዋና አንድ አምፖል ተረፏት። በዚህ ሁሉ ክፍፍል ውስጥ የተገኘው ፍትሕ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በአናጢው ስሕተት ተገኘ። የታላቅየዋን ትልቅ ፎቶግራፍ የተሸከመው ሚስማር ሳንቃውን በስቶ ወዲህ ጫፉን ስላወጣ፣ ሰፊዋ የልኬት ሜትሯን ታንጠለጥልበታለች። አንድ ሚስማር ከወዲያ ዝናን፣ ከወዲህ ሥራን ተሸክሞ እስከ ዛሬ አለ።

ታላቅየዋን ወላጆቿ ባወጡላት ስም የሚጠራት ሰው በሰፈሩ የለም። ሁሉም «አሥራ አራት» ይላታል። ዘፈኗ ሊያልቅ ሲል ከበሮው ይቆማል፣ ቃሉም ያበቃል፣ አንዲት «አ» ብቻ ትነሣና ሳትሰበር፣ ሳትወድቅ፣ አሥራ አራት ሰከንድ ትዘልቃለች። በየሰርጉ ቤት ወንዶች ሰዓታቸውን እያዩ ይቆጥሩ ነበር፤ አንድ የስፖርት መምህርም ተማሪዎቹን «እንዲህ ዝለቁ!» ብሎ ሦስቱን ራሳቸውን አስቷል ይባላል። እሷም ትንፋሿን እንደ አደራ ዕቃ ትጠብቃለች። ለብ ካለ ውኃ በቀር አትጠጣም፤ በሙቀት ወራት አንገቷን በሻርፕ ትጠቀልላለች፤ ደረጃ ስትወጣ በየሰባቱ እርከን ጎንበስ ብላ ጫማዋን ታስራለች። ጫማዋ ግን ማሰሪያ የለውም።

ስለ ታናሽየዋ የሚነገረው ጥቂት ነው። ቃል አይያዝላትም። ከልጅነቷ ጀምሮ የአንድ ዘፈን አንድ መስመር እንኳ በትክክል ተወጥታ አታውቅም፤ ስትሰፋ ግን ስፒሏን ነክሳ ቀኑን ሙሉ ታንጎራጉራለች፤ የመኪናው ድምፅ ስለሚውጠው ማንም ዘፈን ነው ብሎ አይቆጥረውም። ሸክላው በተቀረጸ ዕለት እህቷን ተከትላ ሄዳ ነበር። የሄደችው ውኃ ለመያዝ ነው፤ እግረ መንገዷንም በር አጠገብ ቆማ ለአጃቢነት አፏን አንቀሳቀሰች። የቤተሰቡ ታሪክ እንዲህ ይላል፤ ታሪኩን የምትተርከውም ታላቅየዋ ናት።

ልጅቱ፣ እንግዲህ ሠላሳ ሦስት ዓመት የሞላትን ሴት ልጅቱ ማለት ከተገባ፣ ሙያዋ ድምፅ ቀራጺነት ነው። ያን ዕለት የሚጠብቃት ሥራ የአክስቷ ሸክላ ነበር። የቀድሞው አሳታሚ ከከሰመ ቆይቷል፤ ዋናው የቴፕ ክር ሌላ ነገር ተቀርጾበት ጠፍቷል፤ በደኅና ሁኔታ ያለው ቅጂ አክስቷ በትራስ ልብስ ጠቅልላ ያስቀመጠችው አንድ ሸክላ ብቻ ነው። አሁን አንድ አዲስ አሳታሚ እንደገና በሸክላ ሊያወጣው ተስማምቷል። በአንደኛው ገጽ የጥንቱ ዘፈን ይኖራል፤ በሁለተኛው ገጽ ደግሞ ከእርሱ ተቆርጦ የተሠራ አዲስ ቅንብር። አክስትየዋ በስምንት ሰዓት መጥታ ትሰማለች፤ ደስ ካላት ትፈርማለች፤ አሥር ሰዓት ላይ ሥራው ወደ ማተሚያው ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚቀየር ነገር የለም።

አክስትየዋ የትራስ ልብሱን በሁለት እጇ አቅፋ በሯ ላይ ጠበቀቻት።

«አንቺ ልጅ፣ እንዳትጥዪው።»

«አልጥለውም አክስቴ።»

«ደግሞ መጨረሻው ላይ፣ እኔ ስዘልቅ፣ መካከሉ ላይ አንዲት ‹እሽ› የምትል እሽታ አለች። አቧራ ናት። ጥረጊያት።»

«አቧራ ከሆነች በማጠብ ትጠራለች።»

«ታጥባ አልጠራ ብላለች እኮ ነው የምልሽ! ብቻ አቧራ ናት።»

ቀራጺዋ ሸክላውን ተቀብላ ወጣች። አንድን ነገር አቧራ ነው ብሎ ሁለት ጊዜ የሚምል ሰው አቧራ አለመሆኑን እንደሚያውቅ የገባት መንገድ ላይ ነው።

ስቱዲዮው ከብስክሌት ጠጋኝ ሱቅ በላይ፣ በሃያ ስምንት እርከን ደረጃ ላይ ይገኛል። ግድግዳው በአሮጌ ምንጣፍና በፍራሽ ተለብጧል፤ ከታች የጎማ መንፊያው ሞተር በተነሣ ቁጥር ግን ምንጣፉም ፍራሹም አያድኑም፤ ዘፋኙ አፉን እንደ ከፈተ ጎማው እስኪሞላ ይጠብቃል። ጠረጴዛው ላይ ድምፅ የሚያቀላቅለው፣ አሥራ ስድስት መስመር ያለው ሚክሰር ተጋድሟል። አሥራ ሁለቱ መስመሮች ደኅና ናቸው፤ ሦስቱ እንደ ቀኑ ነው፤ የመጨረሻው ከምንም ጋር አልተያያዘም። በዚህ በመጨረሻው ላይ ቀይ ቆብ የደፋ ቁልፍ አለ፤ ስሙም «የእንግዳ ቁልፍ» ነው። ከኋላ ተቀምጦ «ትንሽ ከፍ፣ ኧረ ትንሽ ዝቅ፣ የኔ ድምፅ የት ሄደ?» እያለ ሥራ የሚያስፈታ ደንበኛ ሲመጣ፣ «እስቲ ራስዎ ያስተካክሉት» ተብሎ ቀዩ ቁልፍ ይሰጠዋል። ያዞራል፤ ጆሮውን ያቀናል፤ ፊቱ ይበራል። ከዐሥር ሰው ዘጠኙ ለውጡን በግልጽ ይሰማል፤ ዐሥረኛው ይጠራጠርና ሻይ ይጠይቃል። ቀራጺዋ በዘጠኝ ዓመት ሥራዋ ይህን ቁልፍ ለማንም ሰጥታ አታውቅም። ውሸት በአፍም ተነገረ በጣት ያው ውሸት ነው ባይ ናት። ጥሩ አቋም ነው፤ ያልተፈተነ መሆኑ ብቻ ይጎድለዋል።

በመስኮቱ በኩል፣ የጆሮ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ የሁለተኛውን ገጽ የሚያቀናብረው ሰው ተቀምጦ ነበር። ጸጉሩ የሸሸ፣ አርባውን ያለፈ፣ ሥራው ከሰው ዘፈን ላይ ቁራጭ ወስዶ አዲስ ነገር መስፋት የሆነ ሰው ነው። ቁራጩን እነሱ ሳምፕል ይሉታል፤ እሱን ደግሞ ሁሉም ቆራጩ ይለዋል።

«አለቃ፣ አመጣሽው?» አለ ከመቀመጫው ሳይነሣ። «እኔ ከሙሉ ሸክላው የምፈልገው አራት ሰከንድ ነው። የቀረውን ከነልጆቿ ትብላው።»

«ልጅ የላትም።»

«እንግዲያው ከነእህቷ።»

ቀራጺዋ ሸክላውን በተጣራ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ፣ መስመሩን ተከትላ አጠበችው፤ አደረቀችው፤ ዋጋዋ የአንድ ወር የቤት ኪራይ የሚያህለውን የማጫወቻ መርፌ ቀስ ብላ አሳረፈችበት። ሸክላ የሚያስተዛዝብ ጠባይ አለው። ሲቀረጽ፣ መስመሩ እንዳይሰፋ ጎርናናው ድምፅ ይቀነሳል፤ ቀጭኑ ደግሞ በእሽታው እንዳይዋጥ ይጨመርበታል፤ ሲደመጥ ያ ሁሉ ተገልብጦ ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህን የሚገለብጥ ትንሽ ሣጥን ከማጫወቻውና ከሚክሰሩ መካከል ተቀምጧል። ሣጥኑ ከሌለ ዘፋኙ በቆርቆሮ ውስጥ ያለ ትንኝ ይመስላል። እንዲህ በመሆኑ ሸክላ፣ እያወቀ የሚዋሽና አራሚ እንዲመጣለት የሚጠብቅ ዕቃ ነው፤ ከብዙ ሰው በዚህ ይሻላል።

ከዚያ የድምፅ እርከኖችን የሚያመጣጥነው ኢኳላይዘር ላይ ተሰማራች። አክስቷ «ሰ» ስትል ታፏጫለች፤ እንዲህ ያለ ፉጨት በአዲሱ ሸክላ ላይ ሳይቀነስ ከተቀረጸ መርፌዋን ያስዘልላታል። ፉጨቱ የትኛው የድምፅ እርከን ላይ እንደ ተሸሸገ ለማወቅ መንገዱ አንድ ነው። አንዲትን ጠባብ እርከን ከልክ በላይ ከፍ ታደርጊና ከታች እስከ ላይ ቀስ እያልሽ ታዞሪያለሽ፤ ክፉው ድምፅ ያለበት ስትደርሺ ጆሮሽን ይቆነጥጥሻል፤ ያኔ ያንኑ ዝቅ ታደርጊያለሽ። ቀራጺዋ ይህን ሥራ ትወደዋለች። ሰው ሁሉ «ድምፄ አልተሰማም» ባለ ቁጥር የራሱን ከፍ ማድረግ ያምረዋል፤ የሸፈነውን ዝቅ ማድረግ አይታየውም። እሷ ግን ለምትሠራው ሁሉ አንድ ሕግ ነበራት፤ አትጨምሪ፣ ቀንሺ። ምሳዋም፣ ልብሷም፣ ንግግሯም በዚሁ ሕግ የተዳደሩ ናቸው።

ፉጨቱን አግኝታ ቀነሰችው። ከፉጨቱ ዝቅ ብሎ የአክስቷ ድምፅ በጣም የሚደምቅበትን እርከን ለሙከራ ያህል እሱንም ቀነሰችው። ዘፈኑ መጨረሻው ላይ ደረሰ፤ ከበሮው ቆመ፤ «አ» ተነሣች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቆጠረች። ስድስተኛው ሰከንድ ላይ እሽታዋ መጣች። አቧራ አልነበረችም። አቧራ ይንጣጣል እንጂ ወደ ውስጥ አይሳብም። ይህቺ ግን፣ ከውኃ ሥር የወጣ ሰው እንደሚስበው ያለች፣ ረዥም፣ የተጨነቀች ትንፋሽ ነበረች። አንዲት ሴት በስድስተኛው ሰከንድ ላይ አየር ሳበች፤ «አ»ዋ ግን አልተቋረጠችም።

ቀራጺዋ መርፌዋን አንሥታ እንደገና አሰማች። ሦስተኛ አሰማች። ከዚያ የሠለጠነ ሰው እንደሚያደርገው በራሷ ላይ ሞከረችው። አፏን ከፍታ «አ» እያለች አየር ወደ ውስጥ ለመሳብ ታገለች፤ የወጣው የታነቀች ድመት ድምፅ ነበር።

«አለቃ፣ አመመሽ እንዴ?»

«እየዘፈንህ አየር ወደ ውስጥ መሳብ ትችላለህ?»

«እኔ ሳልዘፍንም ይቸግረኛል» አለ ቆራጩ። «ሲጋራው ነው።»

«የምትፈልጋቸው አራት ሰከንዶች የትኞቹ ናቸው?»

«የመጨረሻዎቹ ናቸዋ! የመጀመሪያው እኮ ይንቀጠቀጣል፤ ሴትዮዋ እየተጨነቀች ነው። መካከሉ ላይ ስትደርስ ግን አንዳች ነገር ይሆንላትና እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ትላለች። ቆርጬ ደጋግሜ ብሰፋው ሙሉ ቀን ቢሰማ አይሰለችም።» ፈገግ አለ። «መካከሉ ላይ ሌላ ሰው ትሆናለች፤ ምን እንደምታደርግ እንጃ!»

ቀራጺዋ ያን ጭራ ደግማ አዳመጠችው። ቀጥ ያለ፣ ከንፈር የሌለው የሚመስል፣ ከስፌት መኪናው ጩኸት ሥር ለዓመታት ስትሰማው የኖረችው ድምፅ ነው። ማንጎራጎሩ ነው። የእናቷ ነው። ጠዋት በሳንቃው በኩል የገባው ቃል ያን ጊዜ ተገልብጦ ተሰማት፤ ከስድስተኛው ሰከንድ በኋላ አፏን ብቻ ያንቀሳቀሰችው አክስቷ ራሷ ናት።

እስከ እኩለ ቀን ሁለት ቅጂ አዘጋጀች። በአንደኛው ትንፋሿ አለች፤ በሌላው ተጠርጋለች። የተጠረገችው ቅጂ ለጆሮ ታምራለች፤ አንድ ሰው አሥራ አራት ሰከንድ የዘለቀ ይመስላል፤ ነገ ከማተሚያው ስትወጣም ይህቺው እውነት ትሆናለች። ያልተጠረገችው ደግሞ አንዲት አሮጊት በሰፈሩ ፊት ያላትን ብቸኛ ቁጥር ትነጥቃለች። ምሳ አልበላችም። አክስቷ ስትመጣ ፊት ለፊት እነግራታለሁ ብላ ወሰነች፤ የምትለውንም ዓረፍተ ነገር በልቧ አስተካከለች፤ አሳጠረችው፤ ከእርሱም ቀነሰች፤ በመጨረሻ ምንም አልቀረም።

አሥራ አራት በስምንት ሰዓት ደረሰች፤ ማለትም ደረጃው ሥር በስምንት ሰዓት ደረሰች፤ ሦስት ጊዜ ጫማዋን አስራ ከላይ የታየችው ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው። ከኋላዋ እህቷ መጣች። በአንድ እጇ የለብታውን ውኃ ፔርሙስ ይዛለች፤ በሌላው ክንዷ ላይ ጫፉ ያላለቀ ጋዋን ጥላለች፤ ስፒሎቿን እንደ ልማዷ ነክሳለች። ስቱዲዮ ስትገባ ከአርባ አንድ ዓመት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። በሩ አጠገብ ያለውን በርጩማ ራሷ መርጣ ተቀመጠች። ልጇ አየቻት፤ እናት ግን የስፌት መርፌዋን እንጂ ሌላ አላየችም።

«አሰሚኝ» አለች አሥራ አራት፣ ሻርፗን እያላላች።

ቀራጺዋ ትንፋሿ ያለችበትን ቅጂ አሰማች። አሥራ አራት ዓይኗን ጨፍና አንገቷን ቀና አድርጋ አዳመጠች፤ በስድስተኛው ሰከንድ ላይ ዓይኗ ተከፈተ።

«አለች! ያቺ አቧራ አለች! ምን ስትሠሪ ዋልሽ?»

«አክስቴ፣ እሷን ካጠፋኋት...» ቀራጺዋ ዓረፍተ ነገሯን ፈለገች፤ አጣችው። «ከሥሯ ያለውም ድምፅ ይጎዳል።»

«በዚህ ሁሉ ቁልፍ አንዲት አቧራ አታጠፊም? የቱ ነው ማጥፊያው?»

ቆራጩ፣ ክፋት ሳይሆን የቆየ ልማድ አሸንፎት፣ «እትዬ፣ በቀዩ ይሞክሩት» አለ።

ቀራጺዋ ለመከልከል እጇን ዘረጋች፤ ከዚያም መለሰችው። ይህ ዝምታዋ በዘጠኝ ዓመት አቋሟ ላይ የተነሣ የመጀመሪያው ዓመፅ ነው፤ ሰው በሌላው ላይ የሚፈርደው ቀዩ ቁልፍ ወደ ራሱ እስኪመጣ ብቻ መሆኑም በዚህ ታወቀ። አሥራ አራት ቁልፉን ወደ ቀኝ አዞረች። እንደገና ተሰማ። «ትንሽ ቀርታለች» አለች። ጨመረችለት። እንደገና ተሰማ። «አሁን! አያችሁ? ጠፋች! ባለቤቱ ካልነካው ሥራ አይሆንም።»

ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። ትንፋሿ ያለችበት ናት፤ ከዚያ በፊት ከተሰማችበትም ቅንጣት አልቀነሰችም። ቀራጺዋ ወደ በሩ ስትመለከት የእናቷ ትከሻ በጸጥታ ሁለት ጊዜ ሲነሣና ሲወርድ አየች። ስፒል የነከሰ ሰው የሚስቀው እንደዚያ ነው። ትንፋሿ እንዳልጠፋች እናቷም እንግዲህ ታውቃለች።

አሥራ አራት ብዕር ጠይቃ ለመፈረም ስታጎነብስ ቆራጩ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እትዬ፣ ካላስቸገርኩ፣ ለሁለተኛው ገጽ ያንኑ ‹አ› አሁን በማይክሮፎን ቢደግሙልኝ? ድሮና ዘንድሮ ተደርቦ ጉድ ይሆናል።»

«ጉሮሮዬ ዛሬ አይደለም።»

«አሥራ አራት እንኳ ባይሞላ፣ ስድስት ሰከንድም ይበቃኛል።»

በገዛ አፉ ምን እንደ ተናገረ አያውቅም። አሥራ አራት ግን ብዕሩን እንደ ጠላት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ስድስት? ማንን መሰልኩህ አንተ ሰው? ና ክፈትልኝ!» ወደ መቅረጫው ክፍል ስትገባ ኋላዋን ሳታይ «ነይ አንቺ፣ ውኃዬን ያዢ» አለች። ታናሽየዋ ፔርሙሱን አንሥታ፣ ጋዋኑን ክንዷ ላይ እንዳለ ይዛ ተከተለቻት፤ ከእህቷ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆመች። ማንም ቦታውን አላሳያትም።

መቅረጫውን ክፍል ከሚለየው መስታወት ወዲህ ያሉት ሁለቱ በስፒከር ሰሙ። አሥራ አራት አየር ሳበች፤ «አ» አለች። ድምፁ አርጅቷል፤ ጠርዙ ግን ገና ያበራል፤ በሦስተኛው ሰከንድ ተንቀጠቀጠ፤ በአራተኛው ተሰነጠቀ፤ አምስት ሳይሞላ አለቀ። አፏ እንደ ተከፈተ ቀረ። የድምፅ መለኪያው አረንጓዴ መብራቶች ግን አልወረዱም። ከበሩ በኩል፣ ከተገጠሙ ከንፈሮችና ከአራት ስፒል ጀርባ፣ አንድ ድምፅ ተነሥቶ የወደቀውን መሬት ሳይነካ ተቀበለው። ቀጥ ያለ ነው። አይንቀጠቀጥም። ታናሽየዋ ፔርሙሱን እንዳቀፈች ወለሉን ትመለከታለች፤ ፊቷ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ታላቅየዋ ደግሞ ከአርባ አንድ ዓመት በፊት ሰውነቷ የተማረውን አልረሳምና፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ እጇን ደረቷ ላይ ጭና፣ አፏን በ«አ» ቅርጽ ከፍታ ቆመች። ድምፅ አልነበረበትም። ከታች የጎማ መንፊያው ሞተር ተነሣ፤ ሥራ አቁሙ ያለ ግን የለም። ቆራጩ በጣቱ ይቆጥራል። አሥራ አራት ላይ ጣቱን አጠፈ፤ ድምፁ ግን ቀጠለ፤ አቁሚ ያላት ሰው ስለሌለ እስከ አሥራ ዘጠኝ ሄደ።

ወጡ። የሁለት እህትማማቾች ዝምታ የሁለት እንግዶችን ዝምታ አይመስልም፤ ሁለቱም በውስጡ የት እንደሚቀመጡ ያውቃሉ። ታናሽየዋ ስፒሎቿን አንድ በአንድ ከከንፈሯ አውጥታ በጋዋኑ አንገት ላይ ሰካቻቸው።

«እማዬ» አለች ልጇ። «ለምን እስከ ዛሬ አልተናገርሽም?»

«ምኑን?»

«ይህንን።»

«ያን ዕለት ትንፋሽ አጠራት፤ ጭራውን ያዢልኝ አለችኝ፤ ያዝኩላት።» ስፌቷን ገለበጠች። «ልቀቂ ደግሞ እስካሁን አላለችኝም።»

«ቃል ስለማትይዢ ነው!» አለች አሥራ አራት በድንገት፤ ድምጿ ግን በስልክ የምትናገርበትን አላከለም። «ቃል ብትይዢ ኖሮ መጀመሪያውንም አስይዝሽ ነበር።»

«እውነትሽን ነው እትዬ፤ ቃል አይያዝልኝም።»

አሥራ አራት ተቀመጠች። ከፔርሙሱ አንድ ክዳን ውኃ ተቀዳላት፤ ጠጣች። ከዚያ ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ደወለች፤ አሁን በርቀቱ ልክ ጮኸች።

«ሰማህ? የእህቴን ስም አስገባ... አዎ፣ ጠዋት አታስገባ ያልኩህን... አፏን? አይ፣ አፏንማ አላንቀሳቀሰችም!... አንተ ምን አገባህ፣ ጻፍ የተባልከውን ጻፍ። ከኔ ስም በታች፤ በትንሽ ፊደል።» ትንሽ አዳመጠች፤ ወደ እህቷ ተመለከተች። «ምን ያህል ትንሽ ይለኛል።»

«የሚነበብ» አለች ልጇ።

«የሚነበብ» አለች አሥራ አራት ለስልኩ፤ ዘጋችው።

ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ቀራጺዋ በጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን አድርጋ አሳየቻት፤ የትኛው የትኛው እንደ ሆነም ሳታሳጥር ነገረቻት። «አቧራ አይደለችም አክስቴ። ላጥፋት?»

አሥራ አራት የተጠረገችውን ቅጂ በአንድ ጣቷ ወደ ጎን ገፋቻት። «ተያት» አለች። «ከስድስተኛው በኋላ የኔ ድርሻ እሷ ብቻ ናት።»

ፈረመችም። ከዚያ ለመጨረሻ ጊዜ እንስማው አለች። «አ» ስትነሣ፣ አሥራ አራት ማንም ሳይነግራት እጇን ወደ ቀዩ ቁልፍ ዘረጋች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜም ወደ ግራ አዞረችው። አንድ ጣት ያህል፤ ቀጥላ ግማሽ ጣት ያህል። ቀራጺዋ ግራ እጇን በጠረጴዛው ላይ አሻግራ፣ የአክስቷ ድምፅ የሚደምቅበትን እውነተኛውን ቁልፍ ያዘች፤ ቀዩ በዞረ ቁጥር እሷም ያንኑ ያህል ወደ ግራ አዞረች፤ አንድ ጣት ያህል፤ ግማሽ ጣት ያህል። ከሥር የነበረው የእናቷ ድምፅ ሳይጨመርለት ወጣ። ከምንም ጋር ያልተያያዘው ቁልፍ በዚያ ቀን አንድ ጊዜ እውነት ተናገረ።

አሥራ አራት ገና ልታዞር ስትል ከበሩ በኩል እህቷ ክሯን በጥርሷ በጠሰች።

«በቃ፣ አታውርጃት» አለች ልጇን እያየች። «ቃሉን የምታውቀው እሷ ናት።»